እርፍ የሌለው እጅ

«ዶክተር፣ ‹ቀስ ብላችሁ ጫኑት› ሲሉን ምን ያህል ማለት ነው?»

ጥያቄው የመጣው በቴሌግራም ነው፣ በድምፅ መልእክት። ሚያዝያ 2012 ነበር፣ ኮሮና ትምህርት ቤቶችን የዘጋበት ሰሞን። እኔ ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ፣ ተማሪዬ ደግሞ ቢቸና አባቷ ሱቅ ውስጥ። ከኋላዋ «ግማሽ ኪሎ ስኳር ስጪኝ» የሚል ደንበኛ ይሰማል። መልእክቱ 11 ሰከንድ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። እጄ ያውቀዋል። አፌ ነው የማያውቀው።

መለማመጃ ክፍላችን፣ ስኪል ላብ ውስጥ ብትሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ ፈጽሞ አይነሳም ነበር። ከጎኗ ቆሜ ጓንት ባጠለቀው እጄ እጇን ያዝ አድርጌ «እንዲህ» እላታለሁ። አለቀ። ስምንት ዓመት የጥርስ ሕክምና ያስተማርኩት በዚህች ቃል ነው ብል ውሸት አይሆንም። እንዲህ ያዙት። እንዲህ ቁሙ። እንዲያ አይደለም፣ እንዲህ! አሁን ግን በመሀላችን ግማሹ ምሥራቅ ጎጃም ተኝቷል፤ «እንዲህ» ደግሞ በድምፅ መልእክት አትላክም።

የመለስኩላት መጽሐፍ ላይ ያለውን ነው። በድድና በጥርስ መካከል ያለውን ኪስ ጥልቀት የምንለካባት ፕሮብ የምትባል ቀጭን መሣሪያ አለች፤ ጫፏ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል ክብ ነጥብ ያላት። እሷን ስንጠቀም የምንጫነው 25 ግራም አካባቢ ነው። ከዚያ ከበዛ ጤነኛውን ድድ ወግተን «ኪስ አለው» እንላለን፤ ካነሰ ደግሞ ያለውን ኪስ ሳናየው እናልፋለን። ይህንኑ ጽፌ ስልኬን አስቀመጥኩ። ከዚያ ራሴን ታዘብኩት። 25 ግራም ምንድን ነው? ማነው 25 ግራምን በጣቱ የሚያውቀው?

በማግስቱ ፎቶ ላከችልኝ። የአባቷን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አምጥታ የ50 ግራሟን ብረት በአንዱ ሳህን አድርጋ በስኳር አስተካክላለች። ስኳሩን ለሁለት እኩል ከፍላ ግማሹን ብቻ ሳህኑ ላይ ትታዋለች። ከዚያ ብረቱን አንስታ ባዶውን ሳህን በእስክሪብቶ ጫፍ ተጫነችው፣ ሁለቱ ሳህኖች እስኪስተካከሉ። ከፎቶው ቀጥሎ ድምፅ መጣ፦ «ዶክተር፣ ይቺን ታህል ብቻ ናት እንዴ? ያ የላስቲክ ድድ ነፍስ ቢኖረው እኮ ይጮህብኝ ነበር!»

እኔ ያልነገርኳትን ስኳር ነገራት። በጣም ደስ አለኝ፣ ትንሽ ደግሞ አፈርኩ። ይህን የምጽፈው ግን ስለ እሷ አይደለም። ስለ ሌላ ተማሪ፣ ስለ አንድ ሳሙናና በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ስላየኋቸው አንድ ገበሬ ነው። ነገሩ ካለፈ ዓመታት ሆኖታል፣ እስካሁን ግን አልለቀቀኝም።

ሳሙና ላኩልኝ

ወረርሽኙ የሁሉንም ትምህርት ቤት በር ዘግቷል፤ የእኛን ግን ለየት ባለ መንገድ ነው የዘጋው። የጥርስ መቦርቦሪያ ማሽናችን በደቂቃ ከ300,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ጥርሱ እንዳይግል ውሃ ይረጫል። ያ ውሃ ከታካሚው ምራቅ ጋር ተደባልቆ ጉም ሆኖ ፊታችን ላይ ይመጣል። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ባለበት ሰሞን ከዚህ የባሰ የሚያስፈራ ሥራ ብዙ የለም። ስለዚህ ክሊኒኩ ለድንገተኛ ሕመም ብቻ ሆነ፣ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ፣ ለእኛ ደግሞ «ትምህርቱ በኦንላይን ይቀጥል» የምትል አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰችን። እንዴት የሚለው ደብዳቤው ላይ የለም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ እኔም ቴሌግራምን አገባሁ። ንድፈ ሐሳቡ ችግር አልነበረውም። የነርቮቹን መንገድ፣ የመድኃኒቶቹን መጠን፣ ይህን ሁሉ በጽሑፍና በድምፅ መጨረስ ይቻላል። እጅ ላይ ስንደርስ ነው ነገር የመጣው። መጀመሪያ ቪዲዮ ቀርጬ ላክሁ፤ አምስት ደቂቃ፣ ጥርት ያለ፣ ጎረቤቴ መብራት ይዞልኝ። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ አላወረዱትም። ፓኬጁ ከየት ይመጣል? አንዱ ኔትወርክ ፍለጋ በየማታው ከመንደሩ በላይ ያለ ኮረብታ ላይ እንደሚወጣ የነገረኝ ከወር በኋላ ነው። «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» ብለው፣ «ዶክተር፣ ከብት ስፈልግ የምወጣበት ኮረብታ ነው፣ አይከብደኝም» አለ።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለውን እንጠቀም ተባባልን። ለመርፌ ብርቱካን። ለስፌት የሙዝ ልጣጭ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ላይ ነበርና የበጉን መንጋጋ እንዳትጥሉት፣ ጥርስ መንቀል እንለማመድበታለን አልኳቸው። በሁለተኛው ቀን አንዱ ደንግጦ ደወለ፤ «ዶክተር፣ የእኛ በግ የላይ የፊት ጥርስ አንድም የላትም፣ ሲያርዷት ሰብረውባት ይሆን?» በግ ከተፈጥሮዋ የላይ የፊት ጥርስ የላትም። የገበሬ ልጅ ነው እኮ! አሥራ ምናምን ዓመት በግ ጠብቆ አፏን ከፍቶ አላየም ማለት ነው። ያኔ ሳቅሁበት። ማየትና አጠገብ መሆን አንድ አለመሆናቸውን ግን ልብ አላልኩም።

ዋናው የቤት ሥራ ሳሙናው ነበር። ደረቅ የልብስ ሳሙና ገዝታችሁ ጥርስ ቅረጹበት። ቁጥር 46። የታችኛው ቀኝ ትልቁ መንጋጋ፤ በስድስት ዓመታችን አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ጀርባ የሚበቅለው፣ አምስት ጉብታና ሁለት ሥር ያለው። ሲያልቅ ከአምስት አቅጣጫ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።

የመጣው ብዙው ድንች ይመስላል። አንዱ ግን፣ ከደምበጫ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የላከው፣ አፌን አስከፈተኝ። ጉብታዎቹ በልካቸው፣ በመሀላቸው ያሉት ሸለቆዎች ትክክለኛ ቦታቸው ላይ፣ ሥሮቹ ወደ ኋላ ዘንበል እንዳሉ። ሳሙና መሆኑን የሚያሳብቀው ሰማያዊ ቀለሙ ብቻ ነው። ግሩፑ ላይ ለጥፌ «ከዚህ ተማሩ» አልኩ። 10 ከ10። በዚያች ቀን የርቀት ትምህርት ይቻላል፣ ማን ነው አይቻልም ያለው ብዬ ለባልደረባዬ ደውዬ ተኩራራሁ። እሱም «ቆይ ሰው አፍ ውስጥ ሲገቡ እናያለን» አለኝ። ቅናት መሰለኝ።

ልክ ነው፣ ባልደረባዬ አሮጌውን መንገድ ይወዳል። ግን በአንድ ነገር ልሟገተው እፈልጋለሁ። ተማሪን ከታካሚ ማራቅ የጀመረው ቴሌግራም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1894 ኦስዋልድ ፈርገስ የሚባል ሐኪም የሰው ጭንቅላት መሳይ መለማመጃ ሠራ፤ ዛሬ ፋንተም ሄድ እንለዋለን፣ ስኪል ላባችን ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ አለ። ያም የርቀት ትምህርት ነው። ምራቅ የለው፣ ምላስ የለው፣ አይፈራ፣ አይውጥ። እኛ ከሳሙናው ጋር ያደረግነው ርቀቱን ትንሽ ማስረዘም ብቻ ነው። ቢያንስ እንዲያ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ሰውዬው ከደብረ ኤልያስ በኩል

በ2013 ተማሪዎቹ ተመለሱ። ያን ሰሞን ማሽኑን በተቻለ መጠን እንዳናስነሳ ስለተባለ፣ ጥልቀት የሌለውን የተበላ ጥርስ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርገን እንሞላ ነበር። አዲስ ዘዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ መብራትም ማሽንም ለሌለበት ገጠር ተብሎ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ የበሰበሰውን በማንኪያ መሰል ስል መሣሪያ ፍቆ ማውጣት፣ ከዚያ ግላስ አዮኖመር በሚባል ሙሌት መድፈን። ለድሃ አገር የተፈጠረው ዘዴ በወረርሽኙ ጊዜ የሀብታሞቹንም አገር ሐኪሞች አዳነ። ይህን ሳስብ ሁሌ ፈገግ እላለሁ።

ታካሚው ወደ 60 የሚጠጉ ገበሬ ነበሩ፣ ከደብረ ኤልያስ በኩል የመጡ። ጋቢያቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ፣ ዱላቸውን ወንበሩ ሥር አጋድመው። ቆሎ ሲበሉ ጥርሳቸው ውስጥ እየገባ፣ ቀዝቃዛ ውሃም እየጠዘጠዛቸው ነው የመጡት። ሌሊት አያማቸውም። ስናይ 46 ነው። የሳሙናው ጥርስ! ስለዚህ ለሳሙናው ጀግና ሰጠሁት። እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው እያልኩ በልቤ።

ልጁ ጀመረ። እኔ ጥርሱን አያለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ የማየው ጥርሱን ነው። ቀዳዳው ጠርዙ ጸድቷል? ወለሉ ደርቋል? ቀለሙ እንዴት ነው? መብራቱም የሚያበራው እዚያ ላይ ነው፣ ዓይንም መብራቱን ተከትሎ ይሄዳል። ሁለት ደቂቃ እንኳ የሄደ አይመስለኝም። መሣሪያው አዳለጠው። ከጥርሱ ወርዶ ድዳቸውን ፈገፈገው። ትንሽ ደም ወጣ።

ሰውዬው አልጮኹም። ቀኝ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሡ። ልጁ መሣሪያውን አወጣ። ጥጥ በጉንጫቸው እንደያዙ፣ ግማሽ በፈገግታ፣

«ልጄ፣ እጅህ እርፍ የለውም» አሉት።

ልጁ «ይቅርታ አባቴ፣ ማረፍ ፈለጉ? ትንሽ እንቆይ?» አላቸው። ነርሷ ሳቀች። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው ጨበጥ አደረጉት፣ በሬ ጠምዶ ማሳ ላይ እንደቆመ ሰው። ያን ጊዜ ነው የልጁን እጅ መጀመሪያ ያየሁት። ጥርሱን ሳይሆን እጁን። አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ወጥታለች፣ ቡና ሲኒ እንደያዘች የከተማ ሴት። ቀለበት ጣቱ ምንም አልነካም።

ለማታውቁት፦ ማንኛውንም ስል ነገር ሰው አፍ ውስጥ ስናስገባ መሣሪያውን በአውራ ጣት፣ በአመልካችና በመሀል ጣት እንይዛለን። ቀለበት ጣት ግን ሥራዋ ሌላ ነው። አጠገብ ያለ ጠንካራ ጥርስ ላይ ታርፋለች። እጁ የሚንቀሳቀሰው በእሷ ላይ ተደግፎ ነው፤ መሣሪያው ቢያዳልጥ የምታስቀረው እሷ ናት፣ ታካሚው ድንገት ቢዞርም እጃችን አብሮት እንዲዞር የምታደርግ እሷ ናት። ፊንገር ሬስት እንላታለን። መጀመሪያ ዓመት ላይ የሚሸመደድ ነው። ልጁ ፈተና ላይ በትክክል ጽፎታል። አራት መስመር። አውቃለሁ፣ ያረምኩት እኔ ነኝ።

እጁን ልይዝለት እጄን ዘረጋሁ። «እን…» ብዬ ቆምኩ። ከዚያ እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «እርፍህን እዚች ጥርስ ላይ አድርግ» አልኩት። የገበሬ ልጅ ነው። እጁ ወዲያው ወረደ። ቀለበት ጣቱ ከፊት ያለችው ትንሿ መንጋጋ ላይ ቁጭ አለች፣ ትከሻውም አብሮ ወረደ። ሥራው ከዚያ በኋላ 20 ደቂቃ ፈጀ። ሰውዬው ሲወጡ ዱላቸውን አንስተው «ይኸው አሁን አረስክ» ብለውት ሄዱ።

ሰሙና ወርቁ

ማታ ወደ ቤት ስሄድ ነው ነገሩ የገባኝ። ጎጃም ውስጥ ገበሬ ሁሉ ቅኔ ያውቃል ማለት አይደለም፤ ያ የእንግዳ ሰው ተረት ነው። ግን እኒህ ሰው በልጅነታቸው አንድ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ደጅ ቆሎ ለምነው እንደሆነ ማን ያውቃል? እርፍ ማለት አራሹ የሚጨብጠው የማረሻው እጀታ ነው። ጫን ሲሉት ማረሻው ይጠልቃል፣ ለቀቅ ሲያደርጉት ይንሳፈፋል። ያ ሰሙ ነው። እርፍ ማለት ደግሞ ዕረፍት ነው፣ «እፎይ፣ እርፍ አልኩ» እንደምንለው። ያ ወርቁ። እጅህ መያዣ የለውም፣ እጅህ ማረፊያ የለውም። በአንድ ቃል ሁለቱንም አሉት። እኔ ስምንት ዓመት «ፊንገር ሬስት» ስል የኖርኩትን፣ ተማሪ ሁሉ እንደ ዳዊት የሚደግመውን ግን እጁ የማይሰማውን ነገር፣ ጥጥ በአፋቸው ይዘው አሉት።

የቢቸናዋ ልጅ ጥያቄም ትዝ አለኝ። ምን ያህል ልጫን? በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ መልስ አጥቼ የነበረው መልሱ ስለሌለ አልነበረም። ቃል የምፈልገው መጽሐፉ ውስጥ ብቻ ስለነበር ነው።

ግን ይህ ሁሉ ሳይገባኝ በፊት፣ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ፣ ከልጁ ጋር እጃችንን ስንታጠብ ሌላ ነገር ሆኗል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ንገረኝ።»

«ያ ሳሙና የኔ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ነው የቀረጸው። መስቀል ቀራጭ ነው።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ እንደገና ሳቅሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ምክንያቱም ማታ ላይ ሳወጣው ሳወርደው ያጭበረበረኝ እሱ ብቻ እንዳልሆነ ታየኝ። እኔ ምን ነበር ያልኩት? ሳሙና ላኩልኝ ነው ያልኩት። ሳሙና ተላከልኝ። እጅህን ላክልኝ አላልኩም። ክሊኒክ ውስጥም ቢሆን ሳርም የኖርኩት ጥርሱን ነው። አጠገቤ ቆሞ ሳለም እጁን አላየሁለትም ነበር፤ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ያየው ጀርባውን ደገፍ ብሎ አፉን የከፈተ ሰው ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ለኢንተርኔቱ ልሰጠው ብፈልግ እንኳ አልሆነልኝም።

ቀራጩ

ወንድምየውን አገኘሁት። በዚያው ዓመት መቋሚያና መስቀል ሊሸጥ ማርቆስ ገበያ መጥቶ ልጁ ራሱ እያፈረ አስተዋወቀኝ። ቁጥብ ሰው ነው። «ሳሙናው እንዴት ነበር?» አለኝ መጀመሪያ፣ ሳይስቅ። 10 ከ10 አልኩት። ትንሽ አሰበና «ሳሙና ለስላሳ ነው፣ ብዙ አያስኮራም» አለ።

ሲቀርጽ እንዳየው ለመንኩት። ከመደቡ ኋላ ቁጭ ብሎ የወይራ ቁራጭ አወጣ። ቢላው አጭር ነው፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ። ዓይኔ የሄደው ወደ ጣቱ ነው፤ እነሆ ቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ እንጨቱ ላይ ተቀምጠዋል። አይነሱም። የግራ አውራ ጣቱ ደግሞ ቢላውን ከጀርባ ትገፋለች፣ በጥቂት በጥቂቱ። እኛ በአራት መስመር የምናስሸመድደው ነገር ነው። ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት። ማንም አላስተማረኝም፣ አንዴ ቆርጦኛል አለ። ከዚያ ጣቱን እያሳየኝ፣ «ቢላ ይስታል። ይቺ ከእንጨቱ ጋር ስለሆነች ሲስት ታስቀረዋለች» አለኝ።

ወደ ተማሪዬ ዞርኩ። «አጠገቡ አልነበርክም ሲቀርጽ?»

«ነበርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ።»

«እና?»

«ሳሙናውን ነበር የማየው ዶክተር።»

ወንድምየው ቢላውን ሳያቆም «ሳሙናውን? ስልኩን ነበር የሚያየው» አለ።

የማይላከው ነገር

ከዚያ በኋላ ማስተማሬን ቀየርኩ። ክፍሎቹ ተከፍተውም ቢሆን የርቀቱን ነገር አልተውኩትም። ለአታችመንት፣ ለተግባር ልምምድ ማለት ነው፣ በየወረዳው ሲበተኑ፣ ለበዓል አገራቸው ሲገቡ፣ የቤት ሥራው አንድ ነው፦ ጥርሱን አትቅረጹ፣ እጃችሁን ቅረጹ። 20 ሰከንድ ቪዲዮ። ፊት አያስፈልግም፣ ጥራት አያስፈልግም። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ኮረብታ ላይ መውጣት የለም። መልሴ ደግሞ በድምፅ ነው፣ በአማርኛ፣ ስም እየሰጠሁ።

በእነዚያ 20 ሰከንዶች በስምንት ዓመት ያላየሁትን አየሁ። አንዷ መሣሪያውን ጣቷ እስኪነጣ ድረስ ጨምቃ ትይዛለች፣ ጥፍሯ ሥር ደም የለም፤ ከሰዓት በኋላ እጇ የሚንቀጠቀጠው ለካ ለዚህ ነው። ሌላው ግራኝ ነው! ሦስት ዓመት ሙሉ ወንበሩ፣ ትሪው፣ መብራቱ ሁሉ ለቀኝ ሰው ስለተዘረጋ በቀኙ ሲታገል ኖሯል። ቤቱ ሆኖ የቀረጸው ጊዜ በግራው ያዘ። «ለምን አልነገርክም?» ስለው «ማንም አልጠየቀኝም» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ግን ልብ በሉ፣ «በስልክ ሁሉም ይቻላል» እያልኩ አይደለም። አሁን አሁን እንዲህ የሚሉ አሉ፤ ርካሽ ስለሆነ ነው የሚወዱት። ጥርስ ስንነቅል ቀኝ እጅ ጉጠቱን ይይዛል፣ ሁሉም ሰው የሚያየው እሱን ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ግራ እጅ ነው። መንጋጋውን ደግፎ ይይዛል፣ ሁለት ጣቶቹ ከጥርሱ ግራና ቀኝ አጥንቱ ላይ ናቸው። አጥንቱ ለቀቅ ሲል የሚሰማው እዚያ ነው፣ እንደ ሹክሹክታ። በቪዲዮ አይታይም። ለማስረዳት ሞክሬያለሁ፤ አልሆነም።

የታችኛው መንጋጋ ማደንዘዣም እንዲሁ ነው። መርፌው ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይገባል፣ አጥንት ይነካል፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይመለሳል፣ ደም ሥር ውስጥ አለመሆኑን ስበን እናያለን፣ ከዚያ ቀስ ብለን እንሰጣለን። ሊቃውንቱ እንኳ ከ100 ሙከራ 15 እስከ 20 ያህሉ ላይ እንደማይዝ መጽሐፎቻችን ይጽፋሉ። «አጥንቱን ስትነካው ታውቀዋለህ» እንላለን። ብርቱካን ግን አጥንት የለውም።

ፍርሃት ደግሞ አለ። ያቺ የቢቸናዋ ልጅ፣ ባለ ስኳሯ፣ ክሊኒክ ስትመጣ አጫጫኗ የሚገርም ነበር። ከሁሉም እሷ በለጠች። የመጀመሪያው ታካሚ ድድ ግን ታሞ የከረመ ነበርና ገና ሲነካ ደማ። ደነገጠች፣ እጇን ሰብስባ ቆመች። ስኳር አይደማማ! ያረጋጋቻት ታካሚዋ ናት፤ «አይዞሽ የኔ ሆድ፣ ስፍቀውም ይደማል፣ ቀጥይ» አለቻት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ ምንም አላደረግሁም፣ ቆሜ ነበር። ግን ቆሜ ነበር። ስለዚህ አቋሜን ጠይቁኝ ካላችሁ፦ የመጀመሪያው ሰው፣ የመጀመሪያው ደም፣ የመጀመሪያው መርፌ ያለ መምህር አይሁን። ከዚያ በፊት ያለው ብዙው ከሩቅ ይሆናል፣ እጁን የሚያይለት ሰው ካለ። እጁን የሚያይ ከሌለ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ መታፈጉ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም።

ባለፈው ክረምት አመሻሽ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። ባለ ሳሙናው ነው። አሁን ከጮቄ ማዶ ባለ ወረዳ ሆስፒታል ውስጥ ብቻውን ይሠራል። መብራት ጠፍቶበታል፣ በግንባሩ ባትሪ ነው የሚሠራው። የታች መንጋጋ ሲነቅል አንደኛው ሥር ተሰብሮ ቀርቶበታል፤ እንዲህ ያለውን የምናወጣው ኤሌቬተር በሚባል መፈንቀያ ነው። ስልኩን ነርሷ ይዛለታለች፤ ቪዲዮ አይሞከርም፣ ድምፁም እየቆረጠ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል።

«ግራ እጅህ የት ነው?»

«መንጋጋውን ይዟል።»

«ኤሌቬተሩን ያዝክ?»

«ይዤያለሁ።»

«እርፍህስ?»

ዝም አለ። ዝናቡ ብቻ። ከዚያ «አሁን አረፈ ዶክተር» ሲለኝ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ አይነሳም። 40 ደቂቃ ያህል ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ፤ እናቴ «ምን ነካህ፣ ተቀመጥ እንጂ» ትለኛለች።

ፎቶ መጣ። ፋሻ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሥር፣ የገብስ ፍሬ የምታህል። ከሥሯ አንድ መስመር ጽፎባታል።

«ይቺንስ ወንድሜ አልነቀላትም።»